የግሬኖብል ኮሞድ፦ የተነሳ ቬኒር፣ የጎደለ ቁራጭ፣ የደበዘዘ አረንጓዴ

ሰገነት፦

ጤና ይስጥልኝ የእንጨት ሰዎች። ጥያቄው ስለ አንድ ባለ 3 መሳቢያ የፈረንሳይ ኮሞድ ነው። ግንባሩ በመጠኑ ጎበጥ ያለ ነው። የየመሳቢያው ሜዳ በሉፕ፣ ማለትም ከዛፍ ጉጥ እብጠት በተሰነጠቀ ቬኒር (በሌላ እንጨት ላይ የሚለጠፍ ስስ የእንጨት ሽፋን) የተሸፈነ ሲሆን ዙሪያውን ነጣ ያለ ቀጭን የእንጨት መስመር ይከበዋል። የውስጥ አካሉ ዋልነትና ሳፒን (የጥድ ዓይነት ለስላሳ እንጨት) ነው። ሻጩ "የሃሽ ቤት ሥራ፣ ግሬኖብል፣ 1770 አካባቢ" ብሎ ጽፎለታል፤ ማኅተምም ሆነ የወረቀት መለያ ግን አይታይበትም።

ችግሮቹ እነዚህ ናቸው። በመካከለኛው መሳቢያ ግንባር ላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ ተነስቷል፤ በጥፍር ሲመታ ባዶ ይጮኻል። ከታችኛው መሳቢያ የቀኝ ጠርዝ 4 በ2 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ሉፕ ጎድሎ በቡናማ ስቱኮ ተደፍኗል። በግራ ጎኑ ከላይ እስከ ታች የወረደ ቀጥ ያለ ስንጥቅ አለ፤ ሰፊው ቦታ 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የእጀታዎቹ የነሐስ ሳህኖች ሲነሱ ደግሞ ከሥራቸው ያለው ሉፕ ጥርት ያለ አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ፤ የቀረው ግንባር ግን ቢጫ ቡናማ ነው።

በእርግጥ የሃሽ፣ የግሬኖብሉ የዕቃ ሠሪ ቤተሰብ፣ መሆኑ በምን ይለያል? የተነሳውን ነጭ ኮላ በሲሪንጅ ወግቶ መጫን ይበቃል? የጎደለውን በ0.6 ሚሊ ሜትር የገበያ ቬኒር መተካትስ? አረንጓዴውን መመለስ ይቻላል?

መሮና መላጊያ፦

ነጩን ኮላ ገና ከመጀመሪያው ይተዉት። ቬኒሩ የተለጠፈበት የእንስሳ ሙጫ ከ250 ዓመት በኋላም ሞቅ ያለ ውሃ ሲያገኘው ይለሰልሳል፤ አዲስ የእንስሳ ሙጫ ሲጨመርለትም ይዋሃደዋል። ነጭ ኮላ ይህን አያደርግም። የደረቀው ሽፋን የእንጨቱን ቀዳዳ ስለሚደፍነው ቦታው ነገ ተመልሶ ቢነሳ የእንስሳ ሙጫ በላዩ ላይ አይዝም፤ ፍቆ ማውጣት ግድ ይሆናል፣ ሲፈቅም ከእንጨቱ ይዞ ነው የሚሄደው። በዚያ ላይ ጎባጣ ግንባር ላይ የተለጠፈ ወፍራም ቬኒር ሁልጊዜ ወደ ቀጥታው መመለስ ይፈልጋል፤ ነጭ ኮላ እንዲህ ያለ የማያቋርጥ ጉልበት ሲያርፍበት ቀስ እያለ ይሳባል። ማስቲሽማ ባይነሳ ይሻላል፤ እንደ ላስቲክ ስለሚቀር ቬኒሩ በላዩ ላይ ይንሸራተታል።

ከመለጠፍዎ በፊት ለምን እንደተነሳ ይወቁ። የተነሳውን ቦታ በጣት ጫን ያድርጉት። ወርዶ ቀጭ ብሎ ከተመለሰ ሙጫው ነው የለቀቀው፤ ብዙውን ጊዜ ማሞቂያ ያለበት ክፍል አየሩን ሲያደርቀው የሳፒኑ አካል ይሸማቀቃል፣ ቬኒሩ ግን እኩል አይከተለውም። ጫን ሲሉት ገብቶ የሚቀርና ዱቄት የረገጡ የሚመስል ከሆነ ግን ከሥሩ ያለውን ሳፒን ነቀዝ በልቶታል። ያን ጊዜ ሙጫ ቢወጉ የሚይዘው ነገር አያገኝም፤ አስቀድሞ የተበላውን እንጨት ማጠንከር ያስፈልጋል። ለዚህ ፓራሎይድ ቢ-72 የተባለ የአክሪሊክ ሙጫ ከ5 እስከ 10 በመቶ በአሴቶን ሟሙቶ ጥቅም ላይ ይውላል። እሱ የጠጣ እንጨት የእንስሳ ሙጫን በደንብ ስለማይቀበል ማጠንከሪያው ቬኒሩ የሚለጠፍበት ፊት ላይ እንዳይደርስ በጥልቀት ብቻ ይወጉት።

ሙጫው ብቻ ከሆነ ሥራው እንዲህ ይሄዳል። መግቢያ ይፈልጉ፦ አሮጌ ስንጥቅ ወይም የለቀቀ ጠርዝ ካለ እሱ ይበቃል። ከሌለ በስለታም ምላጭ ይክፈቱ፤ ሉፕ ቀጥ ያለ ቃጫ ስለሌለው ቀጥታ መስመር አይቁረጡ፣ የጉጦቹን ዙሪያ ተከትሎ የተቆረጠ ስንጥቅ ሲዘጋ አይታይም። አቧራውን ይምጠጡ። ከዚያ ጥቂት አልኮል የተጨመረበት ሞቅ ያለ ውሃ በሲሪንጅ ያስገቡ፤ አልኮሉ ውሃው ወደ ጠባብ ቦታ ዘልቆ እንዲገባ ይረዳዋል። 10 ደቂቃ ቆይተው ጫን ሲሉት ቡናማ ውሃ ይወጣል፤ ይጥረጉት፣ ውሃው እስኪጠራ ይድገሙት። ይህን ዘለው የሚያልፉ ሰዎች ናቸው "የእንስሳ ሙጫ አይዝም" የሚሉት፤ ያልያዘው አቧራ ላይ ስለለጠፉት ነው።

ሙጫው፦ 1 እጅ ደረቅ ሙጫ በክብደት፣ 2 እጅ ቀዝቃዛ ውሃ። ሌሊቱን ያብጥ፣ ከዚያ ድስት ውስጥ በተቀመጠ ድስት እስከ 60 ዲግሪ ያሙቁት። ቴርሞሜትር ይጠቀሙ፤ ከ70 ዲግሪ ሲያልፍ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ በተደጋጋሚ የሞቀም እንዲሁ። የሻገተ ወይም የሸተተ ይደፋል። ቶሎ እየረጋ ካስቸገረዎት ከደረቁ ሙጫ ክብደት 10 በመቶ ያህል ዩሪያ ቢጨምሩ ጊዜ ይሰጥዎታል።

ሙጫውን ካስገቡ በኋላ ከመሐል ወደ ጠርዝ በጣት እየገፉ ትርፉን ያስወጡ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወዲያው ይጥረጉ። በላዩ የፖሊስተር ፕላስቲክ፣ ከዚያ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ የሞቀ የአሸዋ ከረጢት ያድርጉ። ለጎባጣ ግንባር የአሸዋ ከረጢት ከጠፍጣፋ ሳንቃ ይበልጣል፤ ከጀርባው ግን የግንባሩን ቅርጽ ይዞ የተቆረጠ ኮምፔርሳቶ ካላደረጉ ክላምፑ ጫናውን እኩል አያከፋፍለውም። ከ2 ሰዓት በኋላ ፕላስቲኩን አንስተው መምጠጫ ወረቀት ይተኩና እስከ 24 ሰዓት ይተዉት። ፕላስቲኩ እስከ መጨረሻ ከቆየ እርጥበቱ መውጫ ስለሚያጣ ሼላኩ፣ ማለትም ላዩ ላይ የተቀባው በአልኮል የሚሟሟ ቫርኒሽ፣ ይነጣል።

ካውያ በቀጥታ ማድረግ? ቫርኒሹን ይዞ ይነሳል። አይሞክሩት።

የዋልነት ጥላ፦

የማን ሥራ ነው ስለሚለው። በዶፊኔ፣ ማለትም በግሬኖብል ዙሪያ ባለው ክፍለ ሀገር፣ የተሠራ ሉፕ የለበሰ ኮሞድ ሁሉ "ሃሽ" እየተባለ ስለሚሸጥ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። ቤተሰቡ በግሬኖብል በተከታታይ የሠሩ 3 ትውልዶች ናቸው፦ ቶማ ሃሽ (1664–1747)፣ በቱሉዝ ተወልዶ ግሬኖብል የተቀመጠው፤ ልጁ ፒየር (1705–1776)፤ የልጅ ልጁ ዣን ፍራንሷ (1730–1796)። የእርስዎ ዕቃ በእርግጥ 1770 አካባቢ ከሆነ ስሙ ሊነሳ የሚችለው ዣን ፍራንሷ ነው። እሱ በብረት ማኅተም "ሃሽ ልጅ፣ ግሬኖብል" የሚል ምልክት ይመታ ነበር፤ በመሳቢያ ውስጥም የሱቁን አድራሻ፣ ፕላስ ክላቬይሶንን፣ የያዘ የታተመ ወረቀት ይለጥፍ ነበር። ወረቀት ይላጣል፤ ስለዚህ አለመኖሩ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፣ መኖሩም ብቻውን አያረጋግጥም፤ ከአንዱ ዕቃ ተላጦ ሌላው ላይ ሊለጠፍ ይችላልና።

ከፓሪስ ጋር ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ይጠቅምዎታል። በፓሪስ የዕቃ ሠሪዎች ማኅበር ደንብ (1743 ወጥቶ 1751 ፓርላማ በሚባለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት የተመዘገበው) እያንዳንዱ ባለሙያ ስሙን እንዲመታ ያስገድድ ነበር፤ የማኅበሩ ተቆጣጣሪዎችም ጄ ኤም ኢ የሚሉ 3 ፊደሎች ይጨምሩበት ነበር። ማኅበሩ እስከፈረሰበት 1791 ይህ ቀጠለ። የክፍለ ሀገር ሠሪ ለዚያ ደንብ አይገዛም። ስለዚህ ግሬኖብላዊ ነው በተባለ ኮሞድ ላይ የ3ቱ ፊደሎች ምልክት ቢያዩ ደስ ከመሰኘት ይልቅ ይጠርጥሩ።

እንጨቱ ግን ከወረቀቱ በላይ ይናገራል። የፓሪስ ጥሩ ሥራ የመሳቢያ ውስጡን ከኦክ ይሠራል፤ የግሬኖብል ቤት ግን በደጁ ያለውን ዋልነትና የተራራ ሳፒን ይጠቀማል። ፊቱም እንደዚሁ ነው፦ የዋልነት፣ የአሽና የሲካሞር ሉፕ፣ በቀለም የተነከረ ሲካሞር፣ ቦክስውድ፣ የፍራፍሬ ዛፎች። የሃሽ ቤት ትልቁ ብልሃት ይሄ ይመስለኛል፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ውድ እንጨት ከማሳደድ የአልፕስን ዛፍ ሥርና እብጠት ቀለም እየነከሩ፣ ገጽ ለገጽ እየከፈቱ ከውድ እንጨት እኩል አቆሙት። አረንጓዴ የተነከረ ሉፕ መገኘቱ ለእርስዎ ጥሩ ምልክት ነው፣ ግን ለአካባቢው እንጂ ለአንድ ሰው ፊርማ አይሆንም። በዚያው ዘመን ዲዦን ውስጥ ደሙላን፣ ሞንቤሊያር ውስጥ የኩሌሩ ቤተሰብ የየራሳቸውን ማርኬትሪ (ከተለያየ ቬኒር የተገጣጠመ ጌጥ) ይሠሩ ነበር፤ ክፍለ ሀገር ሲባል አንድ ሰፊ ነገር አይደለም።

አሁን ጠቃሚው ልኬት ነው። ስቱኮው ባለበት ጠርዝ የቬኒሩን ውፍረት ይለኩ። በእጅ መጋዝ የተሰነጠቀ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ቬኒር ባብዛኛው ከ1.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሆኖ በሁሉም ቦታ እኩል ከሆነ በማሽን የተሰነጠቀ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ሊሆን ይችላል። የመሳቢያውን ታች ገልብጠው የመጋዝ ጭረቱን ይዩ፤ ቀጥ ያለና ርቀቱ ወጣ ገባ የሆነ የእጅ ነው፣ ቅስት የሠራ የክብ መጋዝ ነው። የቁልፉን ብሎን ይፍቱ፤ አሮጌ ብሎን ጫፉ ደብዛዛ፣ የአናቱ ቦይ ከመሐል የወጣ ነው። ጫፉ የሾለ ብሎን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ነው፤ ግን አንድ ብሎን መቀየሩ ዕቃውን አያረክሰውም። ነሐሱ ላይ ዘውድ የደፋ "ሲ" ፊደል ካለ ከ1745 እስከ 1749 ግብር የተከፈለበት ነው፤ ያኔ ለ1770 ዕቃ ነሐሱ ከሌላ ቦታ መጥቷል ማለት ነው።

ሰገነት፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ልኬቱ ይኸው፦ ቬኒሩ በጠርዙ 2.1 ሚሊ ሜትር፣ በመሳቢያው መሐል በቁልፉ ቀዳዳ በኩል 1.9። የመሳቢያ ወለሎቹ ጭረት ቀጥ ያለና ያልተስተካከለ ነው። የ2 ቁልፎች ብሎን ደብዛዛ ጫፍ አለው፣ የ3ኛው ሹል ነው። ነሐሱ ላይ ምልክት የለም። የነቀዝ ቀዳዳ ጥቂት አለ፣ 1.5 ሚሊ ሜትር የሚሆን፤ ጥቁር ወረቀት ከሥሩ ተደርጎ አዲስ ዱቄት አልወረደም። በላይኛው መሳቢያ ወለል ላይ ደግሞ አራት ማዕዘን የሆነ የነጣ ቦታ አለ፣ ዳርዳሩ ሙጫ ይመስላል። የተነሳው ቦታ ሲጫኑት ቀጭ ብሎ ይመለሳል።

የጎደለውን ቁራጭ በተመለከተ ግን መልስ አላገኘሁም።

የዋልነት ጥላ፦

የነጣውን አራት ማዕዘን አይጠቡት፣ አይቀቡት። በአልትራ ቫዮሌት መብራትና ከጎን በሚመጣ ብርሃን ፎቶ ያንሱት። መጠኑን ግሬኖብል በሚገኘው የዶፊኔ ሙዚየም ካሉ የሃሽ ቤት ዕቃዎች መለያ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። እስከዚያ ድረስ "ግሬኖብል፣ የሃሽ ቤት ዘይቤ" ብሎ መጻፍ በቂና ሐቀኛ ነው።

ቀጭን መጋዝ፦

2.1 ሚሊ ሜትር ማለት የ0.6 ቬኒር ጉዳይ አለቀ ማለት ነው። ብቻውን ከለጠፉት 1.5 ሚሊ ሜትር ይጎደጉዳል። ደራርቦ ማሳደግ የሚሉ አሉ፤ 4 ሲደረብ 2.4 ይሆናል፣ ግን በመካከሉ 3 የሙጫ መስመር ይገባል። የእርስዎ ጉድለት ደግሞ የመሳቢያው ጠርዝ ላይ ስለሆነ መሳቢያው በተከፈተ ቁጥር መስመሮቹ እንደ ኮምፔርሳቶ ጎን ይታያሉ። ስለዚህ የሚያስፈልግዎት በመጋዝ የተሰነጠቀ ቬኒር እንጂ እንደ ገበያው በስለት የተላገ አይደለም። በፈረንሳይ ዛሬም ወፍራም ቬኒር በመጋዝ የሚሰነጥቁ ቤቶች አሉ። አለዚያ ከሉፕ ቁራጭ በባንድ መጋዝ 3.5 ሚሊ ሜትር ሰንጥቀው በ2 ሳንቃ መካከል ያድርቁና 2.3 እስኪሆን ያሳሱት። ከአካባቢው ከፍ ብሎ የሚቀረው 0.2 ሚሊ ሜትር የማስተካከያ ሂሳብ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት የየትኛው ዛፍ ሉፕ እንደሆነ ይለዩ። 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ቀዳዳዎቹን ይመልከቱ። የአሽ ቀዳዳ ትልቅና በዓመታዊ ቀለበቱ መጀመሪያ ላይ የተሰለፈ ነው፤ የሲካሞር በጣም ደቃቅና በሁሉም ቦታ እኩል የተበተነ ነው፤ ዋልነት በመካከል ያለ ሲሆን ጥቁር ቡናማ ጅማት ያሳያል። ሉፕ ውስጥ ቀለበቱ ስለሚጠማዘዝ ከአንድ ቦታ በላይ ይዩ። አረንጓዴ ከተነከረ በእኔ ግምት ሲካሞር ወይም አሽ ነው፣ ዋልነት በራሱ ጥቁር ስለሆነ አረንጓዴው ጥርት ብሎ አይወጣበትም። ከቀለሙ ይልቅ የጉጦቹን መጠንና መራራቅ ያመሳስሉ፤ ቀለም በኋላ ይስተካከላል፣ ደቃቅ ጉጥ አጠገብ የተለጠፈ ትልቅ ጉጥ ግን በሩቁ ይጮኻል።

ስቱኮውን በእርጥብ ጥጥና በምላጭ ቀስ ብለው ያውጡ። ከዚያ በኋላ አብዛኛው ሰው የሚያበላሸው ነገር ይመጣል፦ ጉድለቱን አራት ማዕዘን አድርጎ መቁረጥ። ለመግጠም ይቀላል፣ ግን ጤነኛ የሆነ የዘመኑን እንጨት ይጥላል፣ በሉፕ መሐልም ቀጥ ያለ መስመር ያወጣል። የተሰበረውን ጠርዝ እንዳለ ይተዉት፣ የሚንጠለጠሉ ስባሪዎችን ብቻ ይለጥፉ።

ቀጭን ወረቀት በጉድለቱ ላይ ዘርግተው በእርሳስ ጎን ይሹት፤ ቅርጹ ይወጣል። ወረቀቱን በአዲሱ ሉፕ ላይ እያንቀሳቀሱ የጉጦቹ አወራረድ የሚቀጥልበትን ቦታ ይፈልጉ፤ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅም የሚያዋጣው ይሄኛው ነው። ወረቀቱን ይለጥፉበት፣ በጀርባውም ሌላ ወረቀት፤ ሉፕ ሲቆረጥ ስለሚፈረፈር ከሥሩ 1.5 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ቢደረግ ይመረጣል። ምላጩ ቁጥር 2/0 የሆነ የቅርጽ መጋዝ፣ ውፍረቱ 0.26 ሚሊ ሜትር ገደማ። ከመስመሩ ውጭ ይቁረጡና በደቃቅ ሞረድ ወደ መስመሩ ያምጡት። ጠርዙን ወደ ታች 2 ወይም 3 ዲግሪ ጠበብ ካደረጉት ላዩ ጥብቅ ይላል፣ ትርፍ ሙጫውም ከሥር መሄጃ ያገኛል።

ስለ ዲግሪ ከተነሳ አይቀር፣ 2 ቬኒር ደርቦ አዘንብሎ በመቁረጥ ያለ ክፍተት ማጋጠም ይቻላል ብሎ የሚመክርዎት ይኖራል። እውነት ነው፣ ግን ያ ለአዲስ ሥራ ነው እንጂ ለተሰበረ ጉድለት አይሆንም። የሚሠራበት ማዕዘንም ከውፍረቱ ጋር ይለዋወጣል፦ በ0.26 ምላጭ 2 ሚሊ ሜትር ቬኒር ከ7 እስከ 8 ዲግሪ ሲፈልግ 0.6 ሚሊ ሜትር ከ25 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። የገበያ ቬኒር የለመዱ ሰዎች ያንኑ ዲግሪ ወፍራም ላይ ሲያመጡት ቁራጩ ከቀዳዳው ሰፍቶ አልገባም ይላቸዋል።

ለጥፈው ከ2 ቀን በኋላ በመፋቂያ ብረት ያስተካክሉ። ብርጭቆ ወረቀት አያስጠጉ። ግንባሩ በመሐል 1.9፣ በጠርዝ 2.1 የሆነው የቀድሞ ሰዎች መሐሉን ስላሹት ሊሆን ይችላል፤ ባለፉት 2 ክፍለ ዘመናት ብዙ ማርኬትሪ ያለቀው በነቀዝ ሳይሆን በብርጭቆ ወረቀት ነው። የአጎራባቹን ፊት በቀጭን የነሐስ ቅጠል ይሸፍኑና ቁራጩን ብቻ ይፋቁ።

ሰምና ሼላክ፦

በአንድ ነገር ከቀጭን መጋዝ እለያለሁ፦ 2 ቀን ጥቂት ነው። የእንስሳ ሙጫ ሁለት ሦስተኛው ውሃ ነው፤ አዲሱ ቁራጭም ከሥሩ ያለው ሳፒንም ያንን ውሃ ጠጥተው ያብጣሉ። ያበጠውን ከፍቀው እኩል ካደረጉት በኋላ ሲደርቅ ይሰምጥና ዙሪያው በብርሃን ይታያል። ቢያንስ 1 ሳምንት፣ ክፍሉ እርጥብ ከሆነ 2 ይቆይ።

አረንጓዴውን መመለስ የሚለውን እኔ አልመክርም። ያ ቀለም በመፍትሔ ውስጥ ተነክሮ ወደ እንጨቱ የገባ ነው፤ ለአረንጓዴ የመዳብ ዝገትና ኮምጣጤ፣ ወይም ቢጫ በሰማያዊ ላይ ይጠቀሙ ነበር። የእጽዋት ቀለሞች በብርሃን ይበላሻሉ፣ ከላያቸውም የቫርኒሹ ቢጫነት ይጨመራል። እንዲህ ያለውን ግንባር ዳግም አረንጓዴ ለማድረግ ላዩን ማንሳት ወይም በላዩ መቀባት ሊኖርብዎ ነው፤ አንደኛው እንጨት ያስወጣል፣ ሁለተኛው የሉፑን ጥልቀት ይዘጋል። በነሐሱ ሥር የተረፈው አረንጓዴ ግን ትልቅ ሀብት ነው። ከቀለም መለኪያ ካርድ ጋር ፎቶ ይነሳ፣ ሳህኖቹ ወደየነበሩበት ይመለሱ፣ ነሐስ መወልወያ ፈሳሽ እዚያ አካባቢ አይድረስ፤ አሞንያው እንጨቱን ያጠቁራል። ዕቃውን ከመስኮት ያርቁት። ቀለም የተነከረ እንጨት በሙዚየም ውስጥ 50 ሉክስ አካባቢ በሆነ ብርሃን የሚያዘው ያለ ምክንያት አይደለም።

አዲሱን ቁራጭ ከዛሬው ቡናማ ጋር ያመሳስሉት። ከመለጠፉ በፊት በጥልቀት አይንከሩት፤ ተለጥፎ ከተስተካከለ በኋላ ብርሃን በሚቋቋም፣ በውሃ በሚሟሟ ቀለም በቀጭን ብሩሽ ጉጥ በጉጥ ይቅቡት። ከጎረቤቱ አንድ ደረጃ ነጣ ሲል ያቁሙ፤ ሼላክ ሲነካው ይጠልቃል። የብረት ሰልፌት ተጠቅመው ለማጥቆር ከፈለጉ ይጠንቀቁ፦ ሲካሞር ከብረት ጋር ሲገናኝ የሚጠቁረው ታኒን ስለሚያንሰው ወደ ግራጫ ብቻ ይሄዳል፣ ዋልነት ላይ ግን ሰማያዊ ጥቁር ይሆናል፣ ያንን መመለስ አስቸጋሪ ነው።

ስለ ላዩ ሽፋን፦ መስታወት የመሰለው የሼላክ አንጸባራቂ በጨርቅ ጠቅልሎ የመቀባት ሥራ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፋሽን ነው፤ በ1770 የነበረው የአልኮል ቫርኒሽና ሰም ነው። ኮሞዱ ላይ አሁን ያለው የ19ኛው ሊሆን ይችላል፣ ቢሆንም አይላጡት። በመሳቢያው ጠርዝ ላይ በጥጥ ይፈትኑ፦ በዋይት ስፒሪት ከተነሳ ሰም ነው፣ በአልኮል ከተጣበቀ ሼላክ ነው። ለቁራጩ ሰም የሌለው ሼላክ፣ በ1 ሊትር አልኮል 150 ግራም፣ በጣም በቀጭኑ በብሩሽ 3 ወይም 4 ጊዜ፣ ከዚያ ሙሉ ግንባሩን በጥቂት የንብ ሰም ማሸት ይበቃል።

አንድ የጎን ነገር፤ ነጣ ያለው መስመር ቦክስውድ ወይም ሆሊ ከሆነ ለመተካት ችግር የለውም። ሌላ ቦታ ሮዝማ ወይም ሐምራዊ እንጨት ካገኙና ዳልበርጂያ ከሚባለው የዛፍ ወገን ከሆነ ግን ቁራጩን ያለ ሰነድ አይግዙ፤ መላው የዳልበርጂያ ወገን ከጥር 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሳይተስ፣ ማለትም ለመጥፋት በተቃረቡ ዝርያዎች ንግድ ስምምነት፣ ዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር ነው።

መሮና መላጊያ፦

2ቱን ቀን ወደ ሳምንት ማስረዘሙን እኔም እደግፋለሁ። የቀረው የጎኑ ስንጥቅ ነው።

ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ የወረደ ስንጥቅ ባብዛኛው የቬኒሩ ጥፋት አይደለም፤ ከሥሩ ያሉት የ2 ሳንቃዎች መገጣጠሚያ ከፍቶ ነው። 50 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የሳፒን ጎን የእርጥበት መጠኑ በ4 በመቶ ከተለዋወጠ፣ እንደ አሰነጣጠቁ፣ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ሊሰፋና ሊጠብ ይችላል። በክላምፕ ጨምቆ መዝጋት ማለት ያ እንቅስቃሴ ሌላ ቦታ እንዲሰነጥቅ መፍቀድ ነው። ስፋቱን ማሞቂያ በሚበራበትና በማይበራበት ወቅት ይለኩ። የክፍሉ እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ከተያዘና ስንጥቁ ካልተንቀሳቀሰ፣ ከ0.5 ሚሊ ሜትር በታች የሆነውን ቀለም በገባበት ሰም ይሙሉት። 1 ሚሊ ሜትር የደረሰውን ከዚያው ዓይነት እንጨት በተሰነጠቀ ቀጭን ስንጣሪ ይሙሉት፤ ቃጫው ከስንጥቁ ጋር ይሂድ፣ ሙጫ የሚቀባው ግን አንዱን ወገን ብቻ ነው። ሁለቱንም ከለጠፉ ስንጥቁ አጠገቡ አዲስ ይከፍታል።

ስለ ታችኛው መሳቢያ አንድ ነገር ሳትነሳ አልፋለች። ሉፑ የጎደለው በቀኝ ጠርዝ ነው። መሳቢያውን አውጥተው የጎኖቹን ታች ይዩ። የቀኙ ጎን በመፋተግ ካለቀ መሳቢያው ወደዚያ ያዘነብላል፣ ሲገፋም የግንባሩ ጠርዝ አካሉን ይመታል። ቁራጩ የጎደለው በዚህ ከሆነ አዲሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል። ያለቀውን ታች በመላጊያ ቀጥ አድርገው የዋልነት ቀጭን ርብራብ በእንስሳ ሙጫ ይለጥፉ፣ የመሳቢያው ቁመት ከግራው ጋር እስኪስተካከል ያሳሱት፤ የሚሄድበት ሐዲድም ቦይ ሠርቶ ከሆነ እሱም ይሞላ። ከላይና ከጎን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዉ፣ የሚፋተጉትን ፊቶች ሰም ያሹአቸው። ይህ ሥራ ሉፑ ከመለጠፉ በፊት ነው የሚሠራው፤ ምክንያቱም የመሳቢያው ከፍታ ሲለወጥ የጠርዙ ልክም ይለወጣል።